ልጄ ለምን አይተኛም? ከጅማ ወላጆች የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

እዚህ ጅማ በሕፃናት ክፍል በነርስነት ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ የ3 ልጆች እናትም ነኝ። ስለ ልጆቻችሁ እንቅልፍ ጠይቁኝ ብያችሁ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል እነዚህን መለስኩ።

ጥያቄ፦ የ5 ሳምንት ልጄ ቀን ይተኛና ሌሊት በየ2 ሰዓቱ ይነሣል። ምን አጠፋሁ?

ምንም አላጠፋሽም እህቴ። ሆዱ ትንሽ ነው፤ የጡት ወተትም ቶሎ ይፈጫል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ቀንን ከሌሊት የሚለይበት የሰውነቱ ሰዓትም ገና አልተቃኘም፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ወር ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። እስከዚያው ቀን ቀን መስኮቱን ክፈቺለት፣ አጫውቺው፤ ሌሊት በደብዛዛ ብርሃን ዝም ብለሽ አጥቢው። «የስኳር ውኃ ስጪው» የሚሉሽን አትስሚ፤ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይበቃዋል። ማር ደግሞ 1 ዓመት ሳይሞላው በጣት ጫፍም አይቅመስ፤ ቦቱሊዝም ለሚባል ከባድ መመረዝ ሊያጋልጠው ይችላል።

ጥያቄ፦ አራስ ነኝ፤ ጠያቂ ስለሚበዛ ቡና በቀን 3 ጊዜ ይፈላል። ልጄ ዓይኗን አፍጥጣ ታድራለች። ከቡናው ይሆን?

ሊሆን ይችላል። ካፌይን ወደ ጡት ወተት ያልፋል። አዋቂ ሰው ከጠጣው ካፌይን ግማሹን በ5 ሰዓት ገደማ ሲያስወግድ፣ አራስ ልጅ ለዚሁ ከ3 ቀን በላይ ሊፈጅባት ይችላል። የትናንቱ ሳይወጣላት የዛሬው ይደረብባታል። በጅማ አራስ ቤት ቡና ይቅር አልልሽም፤ አቦሉን ጠጪ፣ ቶናና በረካውን ለእንግዶችሽ ተዪላቸው። ጫት ግን ጡት እስክታስጥዪ ድረስ ጨርሶ ይቅር፤ እርሱም ወደ ወተቱ ይገባል።

ከቡናው ይልቅ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የሚፈላበት ከሰል ነው። ክረምት ሲገባ «አራሷን ብርድ እንዳይመታት» ተብሎ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ምድጃው ወደ ውስጥ ይገባል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ ጠፍቶ ከሰሉ ደምቆ ሲፍም አደጋው ያለፈ ይመስላል፤ አላለፈም፣ ፍሙም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከሁሉም ቀድሞ ይጎዳል። በአንድ የሐምሌ ሌሊት እናት፣ አያትና የ2 ወር ሕፃን ተሸክመው አመጡልን። ሦስቱም ተረፉ፤ የተረፉት አንዲት ጎረቤት እሳት ልትጫር በሩን ስላንኳኳች ነው። ስለዚህ ቡናው በረንዳ ላይ ይፍላ፤ ልጅ በተኛበት ክፍል ከሰል አይደር። በቤት ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው ሕፃኑን ይዛችሁ ወዲያው ውጡ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ ሕፃኑ ከእኔና ከባለቤቴ መሃል ይተኛል። አያቱ «በጎኑ ካላስተኛችሁት ትውከት ያንቀዋል» ይላሉ። ልክ ናቸው?

ሐሳባቸው ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን በጀርባው ይተኛ። በጀርባው ሲሆን የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚውል ያስመለሰው ወተት ሽቅብ ወደ አየር ቧንቧው አይወጣም። በጎኑ የተኛ ሕፃን ደግሞ በቀላሉ ተገልብጦ በሆዱ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ በድንገተኛ የሕፃናት ሞት የሚቀጠፉት ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል። ይህን ለአያቱ በአክብሮት ንገሪያቸው።

ቢያንስ እስከ 6 ወር በእናንተው ክፍል፣ ግን በራሱ ጠንካራ ፍራሽ ላይ ቢተኛ ይሻላል። ትራስና ወፍራም ጋቢ አጠገቡ አይኑር። የጠጣ ወይም የሚያጨስ ሰው ከሕፃን ጋር አንድ አልጋ ላይ በፍጹም አይተኛ። ወባ ባለበት አካባቢ ስለምንኖር አጎበሩ አይረሳ፤ ጫፉ ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ይግባ።

ጥያቄ፦ የ20 ወር ልጄ ስልክ ካላየች አትተኛም።

ስልኩን አንሺው። ጥቂት ምሽቶች ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትለምዳለች። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በዚህ ዕድሜ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋታል። በየምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ እጥበት፣ ጡት ወይም ወተት፣ እሽሩሩ፤ ቅደም ተከተሉ አይለዋወጥ።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ በተኛ በ1 ሰዓቱ ዓይኑን ከፍቶ ይጮሃል፣ አያውቀኝም፤ ጠዋት ምንም አያስታውስም። ለክፎት ነው ይላሉ።

ከጥልቅ እንቅልፍ በከፊል መንቃት ነው፤ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። አትቀስቅሰው ወንድሜ፤ እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቀው፣ መልሶ ይተኛል። ድካምና ትኩሳት ስለሚያባብሱት ቀደም ብሎ ይተኛ። ጸሎቱም ዱዓውም መልካም ነው፤ ጭስ ግን አታጢሱበት። ሰውነቱ የሚንዘፈዘፍ ከሆነ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ያንኮራፋል። «እንጥሉን አስቆርጪው» ተባልኩ።

እባክሽ እንዳታደርጊው! በልጆች ላይ የማንኮራፋት መንስኤ አብዛኛውን ጊዜ የቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ዕጢ ማበጥ ነው፤ እንጥል መቁረጥ ይህን አያድንም። በምላጭ የተቆረጠ እንጥል ደም ያፈሳል፣ ቴታነስም ያስከትላል። ዛሬ ማታ ሲያንኮራፋ በስልክሽ ቅረጪው፤ የአንገት በላይ ሐኪም ሲያየው ቀረጻውን አሳዪ። ትንፋሹ ለጥቂት ሰኮንዶች ቆም እያለ በድንገት የሚቀጥል ከሆነ ግን ተራ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ውሰጂው።