ኢንዛይምን መልሶ መጠቀም መቼ ያዋጣል? ከዕፅዋት ተረፈ ምርት ኢታኖል ስለማምረት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኢንዛይም ለውጥን የሚያፋጥን እንጂ ራሱ የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ ተምረናል። ታዲያ ፋብሪካዎች በየዙሩ አዲስ የሚጨምሩት ለምንድን ነው?

መልስ፦ የተማሩት ትክክል ነው፤ ሆኖም አለማለቅ አንድ ነገር ነው፣ መልሶ መገኘት ደግሞ ሌላ። ሴሉሌዝ የሚባለው የኢንዛይም ስብስብ ገለባውን ወይም አገዳውን ወደ ስኳር ሲፈታ ከፊሉ በፈሳሹ ውስጥ ይቀራል፤ ከፊሉ ግን ባልተፈታው ጠጣር ላይ፣ በተለይም ሊግኒን በተባለው፣ ለዕፅዋት ጥንካሬ በሚሰጠው ቁስ ላይ ይጣበቃል፤ ከሊግኒን ማላቀቁም አስቸጋሪ ነው። በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለሁለትና ለሦስት ቀናት ሲማሰል ስለሚቆይም የተወሰነው ቅርጹን አጥቶ ከሥራ ውጪ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ሳይለይ፣ ኢታኖሉ በሙቀት ተንኖ ወደሚለይበት ማንጠሪያ ከገባ ሙቀቱ ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ወጪውን በቁጥር ቢያሳዩን?

መልስ፦ 1 ኪሎ ግራም ሴሉሎስ (በገለባው ውስጥ ያለው፣ ከተያያዘ ስኳር የተሠራ ቁስ) ሙሉ በሙሉ ሲፈታ ግሉኮስ የተባለውን ስኳር 1.11 ኪሎ ግራም ይሰጣል፤ ይህ ግሉኮስ ሲብላላ በክብደት ቢበዛ 51 በመቶ፣ ማለትም 0.72 ሊትር ያህል ኢታኖል ይገኛል። በተግባር ሦስት አራተኛው ተሳካ እንበልና 0.54 ሊትር እንያዝ። ለእያንዳንዱ ግራም ሴሉሎስ 20 ሚሊ ግራም ኢንዛይም ከተጨመረ ለአንድ ሊትር ኢታኖል 37 ግራም ገደማ ይወጣል። የኢንዛይሙን ዋጋ ለስሌት ያህል በኪሎ 5 ዶላር ብናደርገው፣ በእያንዳንዱ ሊትር ላይ 0.18 ዶላር ያህል ያርፋል። ነዳጅ በሊትር በሚያስገኘው ጠባብ ትርፍ ሲታይ ይህ ከባድ ሸክም ነው።

ጥያቄ፦ በየዙሩ ግማሹን እያስመለስን አምስት ጊዜ ብንጠቀምበት ወጪው ወደ አንድ አምስተኛ አይወርድም?

መልስ፦ አይወርድም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ግማሹ ሲመለስ በሁለተኛው ዙር 1/2፣ ከዚያ 1/4፣ 1/8፣ በአምስተኛውም 1/16 ብቻ ይቀራል። ሁሉም ሲደመር ሁለት ሙሉ አገልግሎት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከ0.18 ዶላር ላይ ሊተርፍ የሚችለው ከ0.09 አይበልጥም፤ ማጣሪያው፣ ፓምፑ፣ ኤሌክትሪኩና የሠራተኛው ደመወዝ የሚከፈለውም ከዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ከማስመለሻ ዘዴዎች የትኛውን ይመርጣሉ?

መልስ፦ ፈሳሹን ስኳር አሳልፎ ኢንዛይም በሚያስቀር ሜምብሬን (ስስ ማጣሪያ) ማጣራት በቤተ ሙከራ ያማረ ውጤት ይሰጣል፤ ነገር ግን በፋብሪካ ጋን ውስጥ ያለው ነገር እንደ ጭቃ የወፈረ ስለሆነ ሜምብሬኑ ቶሎ ይደፈናል። ሁለተኛው ዘዴ ፈሳሹን ከአዲስ ገለባ ጋር ማገናኘት ነው፤ ሴሉሌዙ አዲሱ ሴሉሎስ ላይ ሲጣበቅ ስኳሩ ተጨምቆ ይወጣል። ከስብስቡ አንዱ የሆነው፣ የመጨረሻዎቹን ቁርጥራጮች ወደ ግሉኮስ የሚፈታው ቤታ ግሉኮሲዴዝ ግን ሴሉሎስ ላይ እምብዛም ስለማይጣበቅ ከስኳሩ ጋር ይሄዳል፤ በየጊዜውም መተካት አለበት። እኔ የማደላው ያልተፈታውን ጠጣር ከነኢንዛይሙ ወደሚቀጥለው ዙር ለመመለስ ነው፤ ተጨማሪ ዕቃ ብዙም አይጠይቅም። ዕዳው በየዙሩ ሊግኒን እየተከማቸ የጋኑን ቦታ መያዙና አላስፈላጊ ባክቴሪያ አብሮ መመለሱ ነው፤ ስለዚህ ከጠጣሩ የተወሰነውን ዘወትር ማስወገድ ይገባል።

ጥያቄ፦ ኢንዛይሙን በማግኔት በሚሳቡ ቅንጣቶች ላይ ማሰርስ?

መልስ፦ ከዘይት ለሚሠራው ባዮዲዝል፣ ሊፔዝን (ዘይትን የሚፈታ ኢንዛይም) በቅንጣት ላይ አስሮ መጠቀም የታወቀ አሠራር ነው፣ ዘይቱ ፈሳሽ ነውና። ቤታ ግሉኮሲዴዝም የሚሠራው በሟሟ ስኳር ላይ ስለሆነ ይስማማዋል። ሴሉሌዝ ግን ወደ ጠጣር ገለባ ቀዳዳ መግባት ያለበት በመሆኑ፣ ከቅንጣት ጋር ታስሮ አብዛኛውን ኃይሉን ያጣል።

ጥያቄ፦ ኢንዛይም እየረከሰ ከሄደ ጥረቱ ትርጉም ይኖረዋል?

መልስ፦ ዋጋው በግማሽ ከወረደ ያ 0.09 ዶላር ወደ 0.045 ይወርዳል፤ የሜምብሬኑ ወጪ ግን ባለበት ነው። ኢንዛይሙን እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ማምረት ደግሞ የማከማቻና የማጓጓዣ ወጪን ስለሚቀንስ፣ ከማስመለስ ጋር የሚፎካከር አማራጭ ነው። ከመወሰንዎ በፊት ከዙሩ መጨረሻ ናሙና ወስደው ፈሳሹንም ጠጣሩንም ለየብቻ ያስለኩ፤ የሚለካው የፕሮቲኑ መጠን ሳይሆን የመሥራት ኃይሉ ይሁን፣ ምክንያቱም የሞተ ኢንዛይምም ፕሮቲን ሆኖ ይቆጠራል።