ለልጆቻችሁ የላይብረሪ ካርድ አውጡላቸው

አሜሪካ ከገባሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። የሚቆጨኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ገና ልጅ ለምታሳድጉ ይጠቅማችኋል። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ሳለ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል የቤት ሥራ ተሰጣት። «አባዬ፣ ይሄ የእኛም ታሪክ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኛ ሐበሾች ነን፤ ያ የእነሱ ነው» አልኳት። ደግማ አላነሳችብኝም።

ተሳስቼ ነበር። የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያስከበረው ሕግ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ኦገስት 1965 ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ፣ ሰውን በትውልድ አገሩ ኮታ ይመርጥ የነበረውን የኢሚግሬሽን አሠራር የሚሽር ሕግ ተፈረመ። ብዙዎቻችን የገባነው በዚያ በር ነው።

እና ልጆቻችሁ የእነዚህን ታጋዮች የሕይወት ታሪክ ያንብቡ። ለታዳጊዎች ተብለው የተጻፉ ጥሩ ጥሩ መጻሕፍት አሉ። በማርቲን ሉተር ኪንግ ግን አትጀምሩ። ትልቅ ሰው ነው፤ ነገር ግን በየዓመቱ ጃንዋሪ ስለሚሰሙት ለልጆቹ ሐውልት ሆኖባቸዋል። የእድሜ እኩያቸውን ስጧቸው።

ክሎዴት ኮልቪን ማርች 2 ቀን 1955 ሞንትጎመሪ፣ አላባማ ውስጥ አውቶቡስ ላይ ለነጭ ወንበር አልለቅም ስትል 15 ዓመቷ ነበር። ፖሊሶች ጎትተው አወረዷት፤ በካቴና አሰሯት። በዚሁ ምክንያት የታሰረችውና ስሟ የገነነው ሮዛ ፓርክስ ከመታሰሯ ዘጠኝ ወር በፊት መሆኑ ነው። በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት ባርነትን ስለታገሉት ጥቁር ሴቶች፣ ስለ ሃሪየት ተብማንና ስለ ሶጆርነር ትሩዝ ተምራ ነበር። አንዷ በአንዱ፣ ሌላዋ በሌላው ትከሻዬ ተጭነው እንዳልነሳ የያዙኝ መሰለኝ ብላለች ኋላ። አያችሁ? ያነበበችው ታሪክ ነው ያስቀመጣት። በዓመቱ ፍርድ ቤት ቀርባ መሰከረች፤ ሞንትጎመሪ አውቶቡሶች ላይ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ መቀመጡን ያስቀረው ያ ክስ ነው። የትግሉ መሪዎች ግን ልጅ ናት፣ ደግሞም አርግዛለች ብለው ገሸሽ አድርገዋት ነበር። ልጄ ዘግይታም ቢሆን ስለ ክሎዴት የተጻፈ መጽሐፍ ስታነብ እዚህ ጋ ስትደርስ ተናደደች። ያን ማታ ብዙ አወራን።

ማንበብ የሚሰለቸው ልጅ ካላችሁ፣ የመብት ታጋዩና ኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል የነበረው ጆን ሉዊስ በሥዕል የተተረከ የሦስት ቅጽ ታሪክ አለው። አላባማ ገጠር ውስጥ ለዶሮዎች እየሰበከ ነው ያደገው። አብራችሁ አንብቡ። ገጠር ያደጋችሁ የራሳችሁን ለማውራት መግቢያ ይሆናችኋል። ሉዊስ በ16 ዓመቱ የላይብረሪ ካርድ ሊያወጣ ሄዶ «ለነጮች ብቻ ነው» ተብሎ ተመለሰ። በ1998 መጽሐፉን ሊፈርም ወደዚያው ላይብረሪ ተጋበዘ፤ ካርዱንም ያኔ ሰጡት።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁማ ታሪኩ ደጃችሁ ነው። ኦገስት 1939 ሳሙኤል ታከር የሚባል የ26 ዓመት ጠበቃ አምስት ወጣቶችን አዘጋጅቶ ኩዊን ስትሪት ላይ ወዳለው ላይብረሪ ላከ። አንድ በአንድ እየገቡ ካርድ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። ከመደርደሪያው መጽሐፍ አንስተው፣ ቁጭ ብለው በዝምታ ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ መጥቶ አሰራቸው። በዓመቱ ከተማው ለጥቁሮች ለብቻ ትንሽ ላይብረሪ ሠራ፤ ታከር የዚያን ካርድ አልቀበልም አለ። ኩዊን ስትሪት ያለው ዛሬም ላይብረሪ ነው። ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ካርዱን እዚያው ያውጡ።