ከፋሲካ በኋላ ረሃቡ ለምን ባሰብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አራት ኪሎ ነው፣ ቢሮዬ ለገሃር አካባቢ። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ጾሜ 6 ኪሎ ቀነስኩ፤ ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን ጉድ ሆንኩ። ምሳ በልቼ ጠግቤ እንኳ ኬክ ቤት በር ላይ ስደርስ እግሬ አልሄድ ይለኛል። የቀነስኩት ኪሎ ተመልሶ ጭራሽ ጨመረ። እናቴ «ሆድሽን መግዛት አቃተሽ» ትለኛለች። የቢሮ ጓደኛዬ ደግሞ በቴሌግራም የሚሸጥ የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ ኪኒን አለ፣ ላምጣልሽ እያለችኝ ነው። ልውሰደው? ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ ኪኒኑን አትውሰጂ። ይሄን አስቀድሜ ልንገርሽ። ምን ሆኜ ነው ላልሽው ደግሞ፣ አንጎልሽ የተፈጠረበትን ሥራ እየሠራ ነው እንጂ ሆዳም ሆነሽ አይደለም።

ከአንጎላችን ሥር ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። ረሃብንም ጥጋብንም የምትቆጣጠረው እሷ ናት፤ ሰውነት በቀን ምን ያህል ጉልበት እንደሚያወጣም ትወስናለች። እ.ኤ.አ. በ1994 በኒውዮርክ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኘ። ሌፕቲን የሚመነጨው ከስባችን ነው። ጎተራው ውስጥ ምን ያህል እህል እንደቀረ ለባለቤቷ እንደሚናገር ሰው፣ ስንት ስብ እንዳለን ለአንጎል ይናገራል። አንቺ በሁዳዴ ስብሽ ሲቀንስ ሌፕቲንሽም ወረደ። አንጎልሽ የሰማው «ጎተራው እየጎደለ ነው» የሚለውን ነው። ለጤናሽ ወይም ለቀሚስሽ ብለሽ እንደቀነስሽ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አሁን ሰው እምብዛም ወደማያወራለት ነገር ልምጣ። አንጎል ራሱ የሚሠራቸው፣ ኢንዶካናቢኖይድ የሚባሉ ቅባት ነክ ኬሚካሎች አሉ። የሚሠሩት ሲቢ1 በሚባል ተቀባይ፣ ማለትም በሴሎች ላይ ሆኖ መልእክታቸውን በሚቀበል ክፍል ላይ አርፈው ነው። ካናቢስ ያጨሰ ሰው ያገኘውን ሁሉ ልብላ የሚለውም የተክሉ ኬሚካል እዚያው ተቀባይ ላይ ስለሚያርፍ ነው። የሰውነታችን የራሱ ኬሚካል ከዚያ በጣም በለዘበ መንገድ በየቀኑ ይሠራል። በአይጦች ላይ እንደታየው ሌፕቲን ሃይፖታላመስ ውስጥ ያሉትን እነዚህን ኬሚካሎች ይቀንሳል፤ ሌፕቲን በደንብ መሥራት ሲያቅተው ግን ይበዛሉ። ሲበዙ ደግሞ ረሃቡ ብቻ አይደለም የሚጨምረው፣ የምግቡ ጣዕም ራሱ ያይላል፤ ምክንያቱም ሲቢ1 ደስታ የሚሰማን የአንጎል ክፍል ውስጥም ሞልቷል። ጠግበሽ ሳለ ኬኩ የሚጠራሽ በዚህ በኩል ነው።

ቅባት ደግሞ ለብቻው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት እንዳሳየው አይጦች ቅባት ሲቀምሱ፣ ገና በምላሳቸው እያለ፣ ትንሹ አንጀታቸው ኢንዶካናቢኖይድ ማመንጨት ይጀምራል። ስኳር ወይም ፕሮቲን ሲቀምሱ ግን ይህ አልታየም። እስቲ የኛን አቆጣጠር አስቢው። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ሽሮና ምስር፣ ከዚያ በአንድ ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ ቅቤ፣ አይብ። ቀጥሎም በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሌፕቲንሽ የወረደበት ጊዜና ቅባቱ የሚበዛበት ጊዜ አንድ ላይ ገጠሙ ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት ለክፋት የተቀመጠ እንዳይመስልሽ። ገና በተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ላይ ሲቢ1ን በመድኃኒት ሲዘጉባቸው አብዛኞቹ ጡት መጥባት ትተው ሞተዋል። ያለ እሱ የመጀመሪያዋን ጠብታ ወተት እንኳ አንፈልግም ነበር። እናትሽም ለአንቺው አስበው ነው የሚናገሩት፣ ግን እባክሽ ይሄን አንብቢላቸው። በሜልበርን በተደረገ ሌላ ጥናት ለ10 ሳምንት ምግብ ቀንሰው ክብደታቸው የወረደ ሰዎች፣ ከአንድ ዓመት በኋላ እንኳ የረሃብ ሆርሞኖቻቸው ወደ ቦታቸው አልተመለሱም ነበር። ዓመት ሙሉ የሚገፋን ነገር ስንፍና ብሎ መጥራት ግፍ ነው።

ወደ ኪኒኑ ልመለስ። «ታዲያ ሲቢ1ን የሚዘጋ መድኃኒት ለምን አይሠሩም?» ብለሽ ይሆናል። ሠርተው ነበር። ሪሞናባንት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 አውሮፓ ውስጥ ተፈቀደ። ክብደትም ቀነሰ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ሰዎች ወደ 5 ኪሎ ገደማ በልጦ። ግን ያው ተቀባይ ስሜታችንንም የሚይዝ ነው። የሚወስዱት ሰዎች ላይ ድብርትና ጭንቀት በዛ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣባቸውም ነበሩ፤ የአእምሮ ሕመም አደጋው በእጥፍ አካባቢ ሲጨምር በ2008 እንዲቆም ተደረገ። አሜሪካ ከነጭራሹ አልፈቀደችውም። እ.ኤ.አ. በ2024፣ ወደ አንጎል ብዙም እንዳይገባ ተደርጎ በተሠራው ሞንሉናባንት ላይ በወጣው የሙከራ ውጤት እንኳ ክብደት ቢቀንስም መነጫነጭ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ታይቷል። ይህ እንግዲህ በሐኪም ክትትል ሥር ነው። በቴሌግራም የሚሸጠው ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም። «የተፈጥሮ ቅጠል» ተብለው በሚሸጡ ማክሻዎች ውስጥ ሲቡትራሚን ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል፤ ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣው የድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋን ስለሚጨምር ነው።

ምን ላድርግ ካልሽኝ፦ በፍስኩም ጊዜ በሳምንት ጥቂት ቀን ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ወደ ገበታሽ መልሺ። ቅቤው ይኑር፣ ግን በየቀኑ አይሁን። ኬክ ቤቱ በሌለበት መንገድ እለፊ፤ ሽታውን እየታገሉ መዋል አያስፈልግም። አንዳንድ ቀን ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ፣ ከዚያ ወደ አራት ኪሎ በእግርሽ ውጪ፤ ዳገቱ ራሱ ስፖርት ነው። በወር 1 ወይም 2 ኪሎ ከቀነሰ በቂ ነው። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የውሃ ጥም ካለብሽ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ታይሮይድና ስኳር ታዪ።

ጥያቄ፦ ታክሲ ነጂ ነኝ፣ ከሜክሲኮ። ጫት ስቅም ቀኑን ሙሉ አይርበኝም። ሌሊት ግን ተነስቼ ያገኘሁትን እጨርሳለሁ። ለምን?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጫት ውስጥ ካቲኖን አለ፣ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር የሚቀራረብ ኬሚካል። አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የሚባሉ የሚያነቃቁ ኬሚካሎችን ስለሚያስለቅቅ ረሃቡን ያፍነዋል፤ ሰውነትህ ግን ያጣውን ምግብ አልረሳውም። ምርቃናው ሲወርድ ሁሉም በአንዴ ይመጣል። እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ያባብሰዋል፤ በቺካጎ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ላይ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ቀንሶ፣ ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በ28 በመቶ ጨምሯል። ብትተወው ደስታዬ ነው። እስክትተወው ድረስ ግን ቁርስህንም ምሳህንም ሳትበላ አትቃም፣ ደም ግፊትህንም ተለካ። እንቅልፍ አጥተህ ሌሊቱን ካሳለፍክ ደግሞ በማግስቱ መሪ አትጨብጥ፣ ተሳፋሪ ይዘሃልና።