ቶሳ ተራራን ሮጣችሁ ከመውጣታችሁ በፊት

ልጆቼ እንዴት ናችሁ፣ እኔ ደሴ ላይ ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ጡረታም እየደረሰ ስለሆነ ወሬ አበዛለሁና ታገሱኝ። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ስወጣ ቱታ ለብሶ የሚሮጠው ወጣት በዝቷል፣ ጂሙም ሞልቷል፣ ደስ ይላል ወላሂ። ግን ከነዚህ ውስጥ በወሩ ጉልበቱን ይዞ እያነከሰ እኔ ጋ የሚመጣ አይጠፋም። ስትጀምር ማን አየህ ስለው ዝም ይላል፣ አንዱማ ቲክቶክ ላይ አይቼ ነው አለኝ። እሱን አንተ አየኸው እንጂ እሱ መች አንተን አየህ? ስፖርት ከመጀመራችሁ በፊት መጥታችሁ ተመርመሩ ነው የምለው።

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። 41 ዓመቴ ላይ ቦርጬ ወጥቶ ሚስቴ ስትስቅብኝ እልህ ያዘኝና ከነገ ጀምሮ ቶሳን ሮጬ እወጣለሁ አልኩ። የሰው ግፊት ሲለካ የሚውል ሰውዬ የራሱን አልለካም፣ ይገርማችኋል። በሶስተኛው ቀን ዳገቱ መሀል ራሴን ይወቅረኝ ጀመር፣ ዓይኔም ብዥ አለ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ እንዳልኩ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት አብሽር ልጄ ብለው ውሃ ሰጡኝ። ወርጄ ስለካ 170 በ105፣ በሌላም ቀን እንደዛው። ተደጋግሞ ሲለካ 140 በ90 እና ከዛ በላይ ከሆነ ግፊት አለብህ ነው የሚባለው፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ ምንም ሳይሰማው ነው ይዞት የሚኖረው። መድሃኒት ጀመርኩ፣ በእርምጃ ጀመርኩ፣ አሁንም ቶሳን እወጣለሁ፣ ቀስ ብዬ።

እኛ ወጣት ነን ግፊት የሽማግሌ ነው እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እሺ፣ በልጅነት ቶንሲል በደንብ ሳይታከም ሲቀር ቆይቶ የልብ ቫልቭ፣ የደም ማሳለፊያውን በር ማለት ነው፣ የሚያበላሽ በሽታ አለ፣ እኛ አገር በተለይ ልጁንና ወጣቱን ነው የሚይዘው። አንዴ የ19 ዓመት ልጅ ለጉልበቷ መጥታ ሳወራት ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል ግን ከድሮም እንዲህ ነኝ አለችኝ። ይቺ "ከድሮም እንዲህ ነኝ" የምትባል ነገር በጣም ነው የምታስፈራኝ። ጉልበቷን ትቼ ሐኪም ጋ ላክኋት፣ በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፣ ሲታይ ቫልቯ ነው፣ ዛሬ ክትትል ላይ ናት፣ ሐኪሟ በፈቀደላት ልክም ትንቀሳቀሳለች።

ምርመራው እኮ የሚያስፈራ አይደለም። ደረትህን ይወጋሃል ወይ፣ ስትሮጥ ወድቀህ ታውቃለህ ወይ፣ ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ ወይ፣ የምትወስደው መድሃኒት አለ ወይ ብለን እንጠይቃለን፣ ግፊትና የልብ ምት እንለካለን፣ አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ ምቱ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ከዛ በአንድ እግር ቁም፣ ስኳት ውረድ (ጉልበትህን አጥፈህ ቁጢጥ በል)፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንቴ ተነስተህ ትቀመጣለህ ምናምን። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው። አንድ ኳስ ተጫዋች ጉልበቴን አመመኝ ብሎ መጥቶ ስኳት ሲወርድ ተረከዙ ከመሬት ይነሳል፣ ለካ ከዓመታት በፊት ቁርጭምጭሚቱ ተጠምዞ ወጌሻ አሽቶለት በዛው ረስቶታል፣ ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ ሲል ጉልበቱ ነው ዕዳውን የሚከፍለው። ጉልበቱን ዓመት ሙሉ ብናሸው ምን ዋጋ አለው?

የወጣውን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉት፣ ከሁለት ወር በኋላ ስትለኩ ለውጣችሁን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፣ በመስታወት ከማየት ይሻላል። ከባቲ ወይ ከኮምቦልቻ ደሴ መጥታችሁ ዳገቱ ትንፋሽ ቢያሳጥራችሁ ደግሞ ወዲያው አትደንግጡ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀለል አድርጋችሁ ልመዱት፣ ያን ጊዜም ካልለቀቃችሁ ግን ታዩ።

ስትመጡ ቁምጣ ያዙ። ጫት ቅማችሁ አትምጡ፣ ምቱንም ግፊቱንም ከፍ ያደርገዋል። ቡናም ቢያንስ ከልኬቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ይቅር፣ ለወሎ ሰው ይሄን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ስለዚህ መጀመሪያ እንለካና አቦሉን አብረን እንጠጣለን።