ባዶ ሕንፃ ርካሽ ሆኖ ሲገኝ

ልጆቼ፣

በችርቻሮ ድርጅት ተቀጥራችሁ «በአዲሱ ከተማ ቅርንጫፍ የት እንክፈት?» ስትባሉ፣ ቀድሞ የሚደርስላችሁ ደላላ ነው። ኪራዩ ቅናሽ ነው፣ መኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው፣ ድሮም ሱቅ ነበር ይላችኋል። እባካችሁ አትቸኩሉ።

የአሜሪካው የችርቻሮ ድርጅት ታርጌት እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ካናዳ ለመግባት ሲወስን፣ ዜለርስ የተባለው የካናዳ መደብሮች ሰንሰለት የያዛቸውን እስከ 220 የሚደርሱ የኪራይ ውሎች በ1.825 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ጠቅልሎ ገዛ። በ2013 ብቻ 124 መደብሮች ከፈተ፤ በጥር 2015 ደግሞ እስከዚያ 133 የደረሱትን መደብሮቹን ሁሉ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ቦታዎቹን የመረጣቸው ሌላ ድርጅት ነበር፣ ለሌላ ዓይነት ደንበኛ። የዕቃዎቹ ልኬት ኮምፒውተር ላይ በስህተት ስለገባ፣ ዕቃው መጋዘን ተከምሮ መደርደሪያው ባዶ ይውል ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ በመላ አገሪቱ ስለተዘረጋ፣ ስህተቱን በጥቂት ቅርንጫፎች ላይ አይቶ ለማረም ጊዜ አልነበረም።

ስለዚህ ካርታ ስትዘረጉ ከመጋዘናችሁ ጀምሩ። በ1962 በአሜሪካ ሮጀርስ፣ አርካንሳስ ላይ የመጀመሪያውን ዎልማርት የከፈተው ሳም ዋልተን፣ ቅርንጫፎቹን ከመጋዘኑ የአንድ ቀን መንገድ ሳያርቅ አካባቢውን እየሞላ ነው የሄደው። ብቻውን ርቆ የተተከለ ቅርንጫፍ የጭነቱንም፣ የማስታወቂያውንም፣ የተቆጣጣሪውንም ወጪ ብቻውን ይሸከማል።

ቀጥሎ ደንበኛ የሚመጣበትን አካባቢ ለዩ። በኮምፓስ ክብ አትሳሉ፤ በጉዞ ደቂቃ ለኩ። ወንዝ፣ ሐዲድ፣ ፈጣን መንገድ ክቡን ይቆርጡታል። አሜሪካዊው የገበያ ተመራማሪ ዴቪድ ሃፍ በ1960ዎቹ ያቀረበው ስሌት ዛሬም ይሠራል፤ የሱቁን ስፋት በራሱ ለተባዛ የጉዞ ደቂቃ ማካፈል ነው። ለምሳሌ የእናንተ ሱቅ 4,000 ካሬ ሜትር ሆኖ 10 ደቂቃ ቢርቅ 40 ይሰጣል፤ የተፎካካሪው 9,000 ካሬ ሆኖ 30 ደቂቃ ቢርቅ 10። ከድምሩ 50 ውስጥ 40ው የእናንተ ስለሆነ፣ ከዚያ ሰፈር 80 በመቶው ወደ እናንተ ያደላል ማለት ነው። ደቂቃውን በራሱ ማባዛቱ ግን ሕግ አይደለም። ለሽንኩርት ሩቅ የሚሄድ የለም፤ ለሙሽራ ቀሚስ ሰው ከተማ ያቋርጣል። በምትሸጡት ዕቃ ልክ ከፍና ዝቅ አድርጉት። በዚያው ከተማ ሌላ ቅርንጫፍ ካላችሁ፣ ከአዲሱ ሽያጭ ስንቱ ከራሳችሁ የሚወሰድ እንደሆነ ቀንሱ። ይህን መቀነስ የሚዘነጋ ሪፖርት በጣም ብዙ ነው።

ከዚያ ወንበራችሁን ትታችሁ ቦታው ላይ ቁሙ። ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት አንድ ጊዜ። በጎረቤት ሱቅ በር ላይ ቆማችሁ ከሚወጡት 100 ሰዎች ስንቱ ፌስታል እንደያዘ ቁጠሩ፤ ግርግር እያለ ሁሉም ባዶ እጁን የሚወጣበት ቦታ አለ። ሰው አስቤዛውን የሚገዛው ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለሆነ፣ የማታው ትራፊክ በየትኛው ጎን እንደሚያልፍ እዩ። መሃል ላይ የአጥር አካፋይ ካለ፣ ከማዶ ያለው መኪና ለእናንተ የለም። ከኋላ በኩል 16 ሜትር የሚሆን ተሳቢ ዞሮ መግባት ካልቻለ፣ ሕንፃው ምንም ቢያምር ተዉት። የቀድሞው ተከራይ ለምን እንደወጣ ደላላውን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ፀጉር ቆራጭ ጠይቁ።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ስለከፈተች፣ ይህ ሥራ እዚሁ ይጠብቃችኋል። የውጭውን ቀመር እንዳለ አታምጡት። አዲስ አበባ ላይ ብዙው ደንበኛ በእግሩና በታክሲ ስለሚመጣ፣ ከመኪና ማቆሚያው በፊት የታክሲ ተራውን ርቀት በእርምጃ ለኩ። ቀለበት መንገድ ማዶ ያለ ሰፈር በዓይን ቢቀርብም መሻገሪያው ድልድይ ሩቅ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ውሉ። ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1945 ኒውፖርት፣ አርካንሳስ ላይ የያዘው የመጀመሪያ ሱቁ ገበያው ደርቶለት ነበር፤ የአምስት ዓመቱ ውል ግን የማደስ መብት አልነበረውም። በ1950 አከራዩ አላድስም ሲለው ሱቁን ለቆ ቤንቶንቪል ወደተባለ ሌላ ከተማ ሄደ። እናንተ የማደስ መብቱን፣ የሚታደስበትን ኪራይና እናድሳለን ብላችሁ ለአከራዩ የምታስታውቁበትን ቀን በቁጥር አስጽፉ። ሞል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሰው የሚስበው ትልቁ ተከራይ ከለቀቀ ኪራያችሁ በስንት እንደሚቀንስ፣ ከስንት ወር በኋላም መውጣት እንደምትችሉ ከመፈረማችሁ በፊት ይግባ።