ለውዝ ለማይስማማት ልጄ ምን ላብስልላት?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የ4 ዓመት ልጄ ለቡና ቁርስ ከቀረበው ቆሎ ለውዝ ለቅማ በላችና ወዲያው ከንፈሯ አበጠ፤ ሰውነቷ በሽፍታ ተሞላ፤ አስመለሳት። ከወር በኋላ ለውዝ የገባበት የምጥን ገንፎ ስትቀምስ ያው ደገመባት። ከዚያ ወዲህ ፈርቼ ሽሮም፣ ምስርም፣ እንቁላልም፣ ወተትም ከልክያታለሁ። ልጅቷ ግን ከሳችብኝ። አያቷ ደግሞ «በትንሽ በትንሹ አስለምጃት፣ ይተዋታል» ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሩ። ሁለቱም ጊዜ ለውዝ በልታ ወዲያው መነሣቱ የለውዝ (ኦቾሎኒ) አለርጂ መሆኑን በጣም ያስጠረጥራል። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (የቀድሞው ደሴ ሪፈራል) ቅርባችሁ ስለሆነ የሕፃናት ሐኪም ይያት፤ ክብደቷንም ያስለኩ። እስከዚያው የሚከለከለው ለውዝ እንጂ ማዕዱ በሙሉ አይደለም። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላልና ወተት ከዚህ በፊት ያለ ችግር ትበላቸው ከነበረ ዛሬውኑ ይመልሱላት። ለውዝ ከአተርና ከምስር ጋር አንድ ወገን ቢሆንም አብዛኞቹ የለውዝ አለርጂ ያለባቸው ልጆች እነዚህን በሰላም ይበላሉ። ግብጦና አብሽ ግን ለለውዝ የቀረበ ፕሮቲን ስላላቸው፣ ቀምሳቸው የማታውቅ ከሆነ ቤት ውስጥ አይሞክሩባት።

ለእንዲህ ያለ ልጅ ከሁሉ የሚያሠጋው የተፈጨ ነገር ነው። የሕፃናት ምጥን ጤፍ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ሽምብራ ይባልና ለውዝም ይገባበታል፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ ማንም አይለየውም። ስለዚህ ምጥን አይግዙላት፤ ጎረቤት በደግነት ቢሰጥዎም ለእሷ አይስጧት። መቁላትና መቀቀልም መፍትሔ አይሆንም። የለውዝ ፕሮቲን እሳት ይቋቋማል፤ እንዲያውም ሲቆላ አለርጂ የመቀስቀስ ኃይሉ ይጨምራል። ከቆሎ ውስጥ ለውዙን ለቅሞ የቀረውን መስጠትም አይሆንም፤ ብናኙ ገብሱ ላይ ይቀራል።

ወፍጮ ቤት ሲሄዱ የሕፃናት ምጥን የሚፈጭበትን ወፍጮ ይለፉት። ጤፍና ማሽላ ብቻ የሚፈጭበት ይሻላል። ሌላ ከታጣ 2 ኪሎ ያህል በቆሎ ወይም ማሽላ አስቀድመው ያስፈጩ፤ ያ ዱቄት ለአዋቂ ይሁን። ይህ ወፍጮውን ይጠርገዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠራውም፤ ጥቂቷም ለምትቀሰቅስበት ልጅ ቤት ውስጥ በሙቀጫ መውቀጥና በወንፊት መንፋት ይመረጣል።

ለሽሮ 2 ኪሎ አተርና 1 ኪሎ ሽምብራ በደንብ ይልቀሙ፤ ከለውዝ ጎን በአንድ መስፈሪያ ከሚሰፍር ነጋዴ አይግዙ። አጥበው፣ ገንፈል አድርገው፣ ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ለውዝ ባልተቆላበት ምጣድ ቆልተው ይከኩት። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማና ጨው ይበቃዋል። ለቁርሷ 1 ኩባያ የማሽላ ወይም የገብስ ዱቄት በ2 ኩባያ የፈላ ውኃ እያማሰሉ 15 ደቂቃ ያህል ያብስሉ። ከለውዙ ይገኝ የነበረውን ጉልበትና ፕሮቲን በላዩ የሚፈስ 1 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ ከጎኑም 1 እንቁላል ወይም 1 ብርጭቆ የፈላ ወተት ይተካዋል።

ዘይትን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በትንንሽ መጭመቂያ ቤቶች ኑግ፣ ሰሊጥና ለውዝ በአንድ መኪና ሊጨመቅ ይችላል፤ ያልተጣራ ዘይት ደግሞ ፕሮቲኑን ይዞ ይቀራል። ለእሷ የተጣራ የሱፍ ዘይት ይጠቀሙ። ሸክላ ድስትም ስለሚመጥጥ ለውዝ ያልነካው የራሷ ድስትና ማማሰያ ይኑራት። እጅ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ ሳኒታይዘር የለውዝን ፕሮቲን አያስወግድም።

በእኔ እምነት ቤቱ በሙሉ ለውዝ ቢተው ከሁሉ ይቀላል፤ ልጅቷም ከማዕዱ አትገለልም። ጎረቤትና ዘመድ እንዳያጎርሳት አስቀድመው ይንገሩ፤ በተለይ በጾም ወቅት፣ ለውዝ በወተት ፈንታ ስለሚገባ።

ስለ ክሳቷ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ክንዷን ለክተው ፕላምፒ ነት የሚባለውን፣ ለከሱ ልጆች የሚታደለውን የታሸገ ምግብ ሊሰጧት ይችላሉ። የሚሠራው ከለውዝ ቅቤ ነው! ከመቀበልዎ በፊት «ልጄ የለውዝ አለርጂ አለባት» ይበሉ፤ ካርዷም ላይ ያስጽፉት። ለውዝ የሌለበት ሌላ ሕክምና ይፈልጉላታል።

የአያቷ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን እንዳይሞክሩት ንገሯቸው። ማለማመድ የሚባል ሕክምና አለ፤ የሚሠራው ግን በሐኪም ቁጥጥር፣ በሚሊ ግራም ተለክቶ፣ ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው የአድሬናሊን መርፌ ተዘጋጅቶ ነው። አንዲት የለውዝ ፍሬ 200 ሚሊ ግራም ገደማ ፕሮቲን አላት፤ አንዳንድ ልጅ ላይ ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ ይቀሰቅስበታል። ያለፈው ቀላል ስለነበረ የሚቀጥለውም ቀላል ይሆናል ማለት አይቻልም።

በስሕተት ከበላችና ድምጿ ከጎረነነ፣ ካሳላት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ደጋግሞ ካስመለሳት ወይም ከዛለች አይጠብቁ። በጀርባዋ አስተኝተው እግሯን ከፍ ያድርጉ፤ ካስመለሳት በጎኗ፤ መተንፈስ ካቃታት ቀና ብላ ትቀመጥ፤ አቁመው አያስኬዷት። በባጃጅም ቢሆን ተይዛ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ እንደ ደረሳችሁ «አለርጂ ነው፣ ለውዝ በልታ ነው» ይበሉ። የሚያድናት ጭኗ ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት ማሳከኩን ያስታግሣል እንጂ የታፈነ ትንፋሽ አይከፍትም፤ እሱን ሰጥቶ ቤት ውስጥ መጠበቅ ልጅ ያሳጣል። ከተሻላትም በኋላ ከሰዓታት ቆይቶ ሊመለስባት ስለሚችል፣ ባለሙያው ሳያሰናብታችሁ ወደ ቤት አትመለሱ።