ሐረር ሲወጣ የሚሻለው ሳውንድ ካርድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አሸዋ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሰዎች የድሮ የሰርግ ካሴታቸውን ያመጡልኛል፤ ወደ ፍላሽ እገለብጥላቸዋለሁ። ከቴፑ በገመድ ወደ ሳውንድ ካርድ፣ ከካርዱ በዩኤስቢ ወደ ላፕቶፕ አስገብቼ ሪፐር በሚባል የመቅጃ ፕሮግራም ነው የምቀዳው። ከሁለት ወር ወዲህ ድምፁ ይንተባተባል። ዘፋኟ ድምጿን ሳብ ስታደርግ መሃል ላይ ጠ-ጠ-ጠ ይላል። ጠዋት ደህና ነው፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ግን የሚቻል አይደለም። የሚገርመው ለዘመድ ሰርግ ሐረር ይዤው ወጥቼ ቀኑን ሙሉ ስቀዳ አንዴም አልተንተባተበም። አንድ ባለሙያ «ካርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዢ» ብሎኛል። የ11 ሰከንድ ቅንጫቢ ልኬልዎታለሁ። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?
ካሴት ገልባጯ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ አትግዢ።

በቅድሚያ ግን «እርስዎ» ብለሽ ስለጻፍሽልኝ የድሬ ልጅነትሽን ተጠራጥሬ ነበር። እዚህ አገር ልጅ አያቱን «አንተ» ይላል፤ አቦ፣ አታስረጂኝ! ሱቅሽ አሸዋ ባይሆን ኖሮ ደብዳቤሽን ወደ አዲስ አበባ እመልሰው ነበር።

ቅንጫቢሽን እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከሱቄ ፊት ካለው ኒም ሥር ቁጭ ብዬ በሄድፎን ሰማሁት። ዕድሜዬን ቴፕ ሪከርደር ስጠግን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ካሴቱን ነው። ያረጀ ካሴት የራሱ አመል አለው። ጎማው የደረቀ ቴፕ ድምፁን ያሰክረዋል፤ ዘፋኟ ከፍ ዝቅ እያለች ትዋኛለች። ክሩ የተጨማደደበት ወይም ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ደግሞ ድምፁ ቀስ ብሎ ይደክምና ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ሰው በር ዘግቶ እንደከፈተ። ያንቺ እንደዚያ አይደለም። ሞገዱን በስክሪኑ ላይ አጉልቼ ሳየው መስመሩ ወደ ላይ እየወጣ ሳለ በምላጭ እንደተቆረጠ ድንገት ዜሮ ላይ ይወድቃል፣ ትንሽ ዝርግ ብሎ ይቆይና እንደገና ከመሃል ይጀምራል። ካሴት እንደዚህ አድርጎ መቁረጥ አይችልም። ይህ የኮምፒውተር ሥራ ነው።

ከዚያ ዝርጎቹን ቆጠርኳቸው። ሥራ ፈት ነህ በይኝ። አንዱ 64 ሳምፕል ነው፣ ሌላው 128፣ ሦስተኛው 192። ሳምፕል ማለት ካርዱ ድምፁን አንዴ ለክቶ የሚጽፋት ነጥብ ናት። ሁሉም የ64 ብዜት ናቸው። እንግዲህ ልጠይቅሽ፦ ሪፐር ላይ ባፈሩን 64 አድርገሽዋል፣ አይደል? አንድ የዩቲዩብ ልጅ «ባፈር ሲያንስ ጥራት ይጨምራል» ብሎሽ ይሆናል።

ጥራት አይጨምርም። ባፈር ማለት ሮቶ ነው። መስመሩ ውኃ አንዴ ይሰጣል፣ አንዴ ያቋርጣል፤ ሮቶሽ ትልቅ ከሆነ የቧንቧሽን መቋረጥ ሳታውቂው ያልፋል። ሮቶሽ ጆግ ካከለች ግን መስመሩ ለአንድ አፍታ ሲያስነጥስ ቧንቧሽ ይደርቃል። ኮምፒውተርም ድምፁን ያለማቋረጥ አይቀበልም፤ ፕሮሰሰሩ መጥቶ ሲያነሳ፣ ሌላ ጉዳይ ሲጠራው ትቶ ሲሄድ ነው የሚውለው። በሰከንድ 48,000 ሳምፕል ስትቀጂ 64 ማለት 1.3 ሚሊሰከንድ ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ስለሚሄድ ይህ ጊዜ በክሩ ላይ ቢለካ የአንድ ፀጉር ውፍረት ቢሆን ነው። ላፕቶፕሽን «በየፀጉሩ ውፍረት እየመጣህ አንሳልኝ» ብለሽ አዘሽዋል ማለት ነው። ጠዋት ይታዘዝሻል። ከሰዓት ደክሞት አንዱን ሲያሳልፍ ያ ቦታ ባዶ ይቀራል።

ትንሽ ባፈር የሚያስፈልገው የራሱን ድምፅ በሄድፎን እየሰማ ለሚዘፍን ሰው ነው፤ ካፉ የወጣው ዘግይቶ ጆሮው ከደረሰ ይደነባበራል። ካሴት አይደነባበርም። ባፈሩን 1024 አድርጊው፤ 21 ሚሊሰከንድ ይሆናል፣ ለሥራሽ ምንም አያጎድልም። ሲቀዳ ለመስማት ከፈለግሽ ካርዱ ላይ «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚል ቁልፍ ካለ እሱን ተጫኚ፤ ድምፁ ኮምፒውተሩን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ሄድፎንሽ ይመጣል። ከሌለውም ከራሱ ከቴፑ ስሚ።

አሁን ወደ ሐረር እንውጣ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ ደንገጎን ሲወጡ በመኪናው መስኮት የሚገባው አየር ራሱ ይነግርሻል። ላፕቶፕም ይሰማዋል። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከስምንት ሰዓት በኋላ የድሬ ሙቀት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በአቧራ የታፈነ ፋን፣ ከሥሩ ደግሞ ትራስ ወይም የጠረጴዛ ልብስ ካለ… ምኑን ልንገርሽ። ፕሮግራም መጫን ሳያስፈልግሽ ዊንዶውሱ ውስጥ ያለውን ታስክ ማናጀር ክፈቺና «ፐርፎርማንስ» ከሚለው ሥር የፕሮሰሰሩን ፍጥነት በጊጋኸርዝ አንብቢ። ጠዋት ስትቀጂ ያየሽውን ጻፊ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ጻፊ። የከሰዓቱ ከጠዋቱ በግማሽ ካነሰ ሌባው ተያዘ። ፋኑን አስጠርጊ፣ ከተገዛ ብዙ ዓመት ከሆነው ቴርማል ፔስቱን (ከፕሮሰሰሩ ሙቀቱን የሚያስተላልፈውን ቅባት) አስቀይሪ፣ ከሥሩ ሁለት ቁራጭ ጣውላ አስገብተሽ አየር ይግባው።

ግን አትቸኩይ። ሐረር ስትወጪ የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው? ሱቅሽ ውስጥ ሳውንድ ካርዱን የሰካሽው ምን ላይ ነው? እኔ የማውቃቸው ፎቶ ቤቶች ሁሉ አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ለብዙ ዕቃ የምታካፍል አንዲት ሃብ አለቻቸው፤ ማውሱም፣ ሃርድ ዲስኩም፣ የደንበኛው ስልክም ቻርጅ ለማድረግ እዚያው ላይ ነው። ዩኤስቢ 2.0 ለአንድ ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ የራሷ ቻርጀር የሌላት ሃብ እሱኑ ለሁሉም ታካፍላለች። ሐረር የሰው ቤት ሃብ ይዘሽ እንደማትሄጂ እገምታለሁ። የሱቅሽ ዋይፋይም አብሮሽ አልሄደም። አንዳንዱ የዋይፋይ ድራይቨር (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ፕሮሰሰሩን ይዞ ቶሎ አይለቅም፤ ያኔ ድምፁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ሐረር ሦስት ነገር በአንዴ ለውጠሻል፣ ከሦስቱ የትኛው እንዳዳነሽ አታውቂም።

«ዩኤስቢ 3 ግዢ፣ ይፈጥናል» የሚልሽም አይጠፋም። ሁለት ቻናል በ24 ቢትና በ48,000 ሲቀዳ በሰከንድ 2.3 ሜጋቢት ነው፤ ዩኤስቢ 2.0 የተሠራው ለ480 ነው። መንገዱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ፎቶ ስትገለብጪ የተበላሸ ቁራጭ ካለ ኮምፒውተሩ «ድገምልኝ» ብሎ ያስደግማል፤ ድምፅ ላይ ግን መድገም የለም፣ ሰዓቱ ያለፈበት አለፈ። ስለዚህ ስፋት ሳይሆን ሰዓት አክባሪነት ነው የምንፈልገው።

ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ መጀመሪያ ባፈሩን ብቻ ለውጠሽ አሥር ደቂቃ ቅጂ። ካልዳነ ካርዱን ከሃብ ነቅለሽ በአጭር ገመድ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰክተሽ እንደገና አሥር ደቂቃ። ካልሆነ ዋይፋዩን አጥፊ። ሁሉንም በአንዴ እንዳትለውጪ፣ አደራ፤ ቢድንም ምን እንዳዳነው ሳታውቂ ትቀሪያለሽ፣ በወሩ ሲመለስ እንደገና ለእኔ ትጽፊያለሽ። የካርዱን ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ አውርደሽ መጫንና የዊንዶውሱን ፓወር ፕላን «ሃይ ፐርፎርማንስ» ላይ ማድረግም ደግ ነው፤ እነዚህን በመጨረሻ አድርጊያቸው። ይህ ሁሉ ካልረዳ «ላተንሲሞን» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ እየቀዳሽ ስታስነሺው የትኛው ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ይዞ እንደሚቆይ በስሙ ጠርቶ ያጋልጥልሻል።

«ካርዱ ሞቷል» ያለሽን ሰው አልወቅሰውም። እኔም ከጥቂት ዓመት በፊት መንዙማ የሚቀዳ አንድ ደንበኛዬን «ካርድህ አልቆለታል» ብዬ አዲስ አስገዝቼው ነበር። በማግስቱ አዲሱም ተንተባተበ። ፊቴን የማስገባበት አጣሁ። ሁለት ቀን ሳገላብጠው ቆይቼ ቻርጀሩን ሳይ የሌላ ላፕቶፕ ነው፤ የራሱ ተበላሽቶበት ከመንገድ የገዛው። አንዳንድ ላፕቶፕ ቻርጀሩን ካላወቀው ባትሪውም አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ያስረዋል። ትክክለኛውን ስንሰካለት ሁለቱም ካርዶች እንደ ወፍ ዘመሩ። ገንዘቡን ልመልስ ብለው «ተወው አቦ፣ አሮጌውን ውሰደው» አለኝ። ቅንጫቢሽን የሰማሁት በዚያው «በሞተው» ካርድ ነው።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ልንገርሽ። እስካሁን ተንተባትቦ የተቀዳው አይጠገንም፤ ባዶው ቦታ ላይ የነበረው ድምፅ ፋይሉ ውስጥ የለም። ቀድተሽ ያስረከብሽውን በስልክሽ ክፈቺና ስሚ፤ ስልኩም እዚያው ቦታ ላይ ከተንተባተበ ፋይሉ ውስጥ ነው ያለው። ስልኩ ላይ ንጹሕ ከሆነ ሲቀዳ ደህና ነበር፣ የሚንተባተበው ላፕቶፑ መልሶ ሲያጫውት ብቻ ነው፣ ያኔ እፎይ በይ። የተበላሸውን ካሴት ደንበኞችሽን ጠርተሽ መልሰሽ ቅጂ። ካሴቱንም መስኮት ላይ ፀሐይ ውስጥ አታስቀምጪብኝ፤ ስንቱን በፀሐይ የተጣመመ ካሴት በእጄ እንዳቃናሁ አታውቂም።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሐረር ሸዋ በር ነው። ድምፁ አይቆራረጥብኝም፤ ግን ስፒከሬ ውስጥ «እምምም» የሚል አለ። የላፕቶፑን ቻርጀር ስነቅለው ይጠፋል። ሳውንድ ካርዱ ነው?

መልስ፦ ካርዱ አይደለም። መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ የምትሰማው እሱን ነው። ላፕቶፑ በአንድ ሶኬት፣ ስፒከሩ በሌላ ሶኬት ሦስተኛ እግር ከመሬት ሲገናኙ ኤሌክትሪኩ በመሃላቸው ባለው ገመድ ይዞራል። ሁለቱንም ከአንድ ዲቫይደር ስካቸው፤ ካርዱና ስፒከሩ የሚቀበሉት ከሆነ በመሃላቸው ያለውን ገመድ «ባላንስድ» በሚባለው፣ እንዲህ ያለውን ጩኸት በሚያጣፋው ዓይነት ቀይረው። ስትቀዳ ደግሞ ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ቅዳ። የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ቁረጠው የሚልህ ሰው ካለ አትስማው፤ «እምምም» ይጠፋል፣ ግን ያ እግር ከተቆረጠ ላፕቶፑን ስትነካ ሊነዝርህ ይችላል።